ለክረምት የምንቀጥራት ሞግዚት የማን አማና ናት?



ሰኔ ሲጋመስ በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው፤ መዋዕለ ሕፃናቱም እንደዚያው። አባትም እናትም ሥራ አላቸው፤ መሥሪያ ቤት ደግሞ ክረምት ገባ ብሎ አይዘጋም። እስከ መስከረም ድረስ ሕፃናቱን ማን ይይዛቸዋል? ቀድሞ አያት ነበሩ፤ አክስት ነበረች፤ የጎረቤት እናትም እንደ ልጇ ታይልን ነበር። ዛሬ አያት ክፍለ ሀገር ናቸው፤ አክስትም ሥራ ላይ ናት፤ የኮንዶሚኒየም ጎረቤታችንን ደረጃ ላይ ከምንለዋወጠው ሰላምታ በላይ አናውቀውም። ስለዚህ መፍትሔው አንድ ይሆናል፦ “ለክረምቱ አንዲት ልጅ እንቅጠር።”

ይህ ጽሑፍ ስለዚህች “አንዲት ልጅ” ነው። የምጽፈው እንደ ዓሊም አይደለም፤ ዓሊም አይደለሁም። በጋዜጠኝነት የምተዳደር የሁለት ሕፃናት አባት ነኝ፤ የማካፍላችሁም ባለፈው ክረምት በገዛ ቤቴ ካጠፋሁት ጥፋት የተማርኩትን ነው።

የሃያ ደቂቃ ቅጥር

ባለቤቴ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ትልቁ ልጃችን አምስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር፤ ትንሿ ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቋ ነበር። ሰኔ ሊያልቅ ሲል ወደ አንድ ደላላ ዘንድ ሄድኩ። ደላላው ገና ሳልቀመጥ “ተመላላሽ ነው አዳሪ?” አለኝ። አዳሪ አልኩት። “ሙስሊም ትሁን?” አለኝ። አዎን አልኩት። ከዚያ ወዲያ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ የከፋው ደግሞ እኔም አልጠየቅሁትም። ግድግዳ ተደግፈው ከተቀመጡት ልጃገረዶች አንዷን ጠራት፤ ፌስታሏን አንሥታ ተከተለችኝ። ነገሩ ሁሉ ከሃያ ደቂቃ አልበለጠም።

በዚያው ዓመት ያገለገለ ፍሪጅ ስንገዛ ምን ያህል እንደ ደከምን አስታውሳለሁ። ሦስት ሱቅ ዞረናል፤ አዋቂ ወስደን ሞተሩን አስመርምረናል፤ ዋስትናውን በወረቀት ካልሰጣችሁን ብለን ተከራክረናል። ለፍሪጁ ሁለት ሳምንት፣ ልጆቻችንን ለምናስረክባት ሰው ሃያ ደቂቃ!

ልጅቷ ከወሎ ገጠር የመጣች ናት። ባለቤቴ ዕድሜዋን ስትጠይቃት “አሥራ ስምንት” አለች። ደላላው እንዲያ በይ ብሏት እንደነበር የሰማነው በኋላ ነው፤ እውነተኛ ዕድሜዋ ገና አሥራ አምስት ነበር። ከስድስተኛ ወደ ሰባተኛ ክፍል ተዛውራ፣ ለደብተርና ለዩኒፎርም የሚሆን ገንዘብ ልትይዝ ነበር የመጣችው። እኛ ግን ይህንን አልጠየቅናትም። የአባቷን ስም እንኳ አናውቅም ነበር።

ሥራዋንስ ምን ብለን ነገርናት? “ልጆቹን መያዝ ብቻ ነው” ብለን። በሦስተኛው ቀን ወጥ መሥራት ተጨመረ፤ በአምስተኛው ቀን ልብስ ማጠብ፤ በሁለተኛው ሳምንት እንጀራ መጋገር። ሌሊት ትንሿ ስታለቅስ የምትነሣውም እርሷ ሆነች። ከመካከላችን ልጅቷን ልጉዳት ብሎ ያሰበ አልነበረም። ሥራ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ሲጨመር ለሚጨምረው አይታወቀውም፤ የሚታወቀው ለሚሸከመው ብቻ ነው።

ያ ከሰዓት በኋላ

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ሳያባራ ሦስተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። በመሥሪያ ቤታችን መብራት ጠፍቶ ከወትሮው ቀደም ብዬ ወደ ቤት ገባሁ። በሩን ስከፍት ሙቀቱ ፊቴን መታኝ። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። በክፍሉ መካከል የከሰል ማንደጃ ተቀምጧል፤ በዙሪያው በወንበሮች ላይ የልጆቹ እርጥብ ልብስ ተሰጥቷል። ትልቁ ልጄ “አባዬ፣ ራሴን አመመኝ” አለኝ። ትንሿ ተኝታለች፤ ብጠራት ቶሎ አልነቃችም። ልጅቷ ራሷ ግድግዳ ተደግፋ ዓይኗን መግለጥ አቅቷታል።

መስኮቱን በርግጄ ሦስቱንም ወደ በረንዳ አወጣኋቸው፤ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥን። አልሐምዱሊላህ፣ ሦስቱም ዳኑ። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ልጅቷ ላይ ስጮህ ነበር። “ልጆቼን ልትገድዪ ነው?” እላታለሁ። እርሷም የምታለቅስበት አቅም አልነበራትም።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ጩኸቴን የሰማች ነርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ “ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ እንደማይነድ ነግረሃት ነበር?”

አልነገርኳትም። ባለቤቴም አልነገረቻትም። ማታ ልጅቷ በደከመ ድምፅ “ጋሼ፣ እኛ አገር እሳቱ እቤት ውስጥ ነው የሚነደው፤ ማንም አይታመምም” አለችኝ። እውነቷን ነበር። በሣር ክዳን ቤት ምድጃው መካከል ላይ ነው፤ ጭሱም በክዳኑና በግድግዳው ስንጥቅ ይወጣል። የእኛ ቤት ግን ብሎኬትና መስታወት ነው። ፍም የሆነ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ መውጫ ካጣ ራስ ያዞራል፣ ያስታውካል፣ እንቅልፍ ያመጣል፤ በዚያው እንቅልፍ ይገድላል። ሕፃናት ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍሱ ከትልቅ ሰው ይልቅ ፈጥኖ ይጎዳቸዋል። ልጅቷ ልብሱን ለማድረቅና ልጆቹን ለማሞቅ በአገሯ የምታውቀውን አደረገች። ሳያውቅ ቤቱን ለማታውቀው ልጅ ያስረከበው ማን ነበር? እኔ ነበርኩ።

“ጠንካራና ታማኝ”

ከዚያ ሌሊት በኋላ ወደ ሱረቱል ቀሶስ ተመለስኩ። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከምስር ሸሽተው መድየን ሲደርሱ ለሁለት እህትማማቾች መንጋቸውን ውኃ አጠጡላቸው። ከሁለቱ አንዷ አባቷን ይህን ሰው ቅጠረው ስትል የቅጥርን መመዘኛ በሁለት ቃል አስቀመጠች፦ ጠንካራና ታማኝ መሆን። ሽማግሌው አባትም ሲቀጥሩ የሥራውን ዘመን በግልጽ ተናገሩ፤ ስምንት ዓመት፣ አሥር ቢሞላ በሠራተኛው ፈቃድ። ሊያስቸግሩት እንደማይሹም ጨምረው ነገሩት። ሠራተኛው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ተመርምሯል፤ ዘመኑ ተቆርጧል፤ አሠሪውም ግዴታ ገብቷል። እኔ በሃያ ደቂቃዬ ከእነዚህ አንዱንም አላደረግሁም።

ብዙዎቻችን “ሙስሊም ናት?” ብለን ከጠየቅን መመዘኛው ያለቀ ይመስለናል። ደላላም ይህንን ስለሚያውቅ የፈለግነውን መልስ ይሰጠናል። ሶላቷን የምትሰግድ ልጅ ለልጆቻችን መልካም አርአያ መሆኗ አይካድም። ነገር ግን የሕፃን አያያዝ ዕውቀት ነው፤ ዕውቀት ደግሞ በስም አይመጣም፤ ይማሩታል። “ጠንካራ” የሚለው ቃል ለሞግዚት ሲሆን ትርጉሙ ሥራውን መቻል ነው። የማትችለውን ማስቻል የአሠሪው ድርሻ ነው።

ስለዚህ ክረምት ሊገባ ሲል ቀድማችሁ ተነሡ። ትምህርት ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ፈልጉ እንጂ በተዘጋ ማግሥት አትሩጡ። ከደላላ በፊት ዘመድ፣ ጎረቤትና የመስጊድ ጀመዓ ጠይቁ። መታወቂያዋን እዩ፤ ተያዥ ይኑራት፤ ከቤተሰቧ ጋር በስልክ ተነጋገሩ። ቀድሞ የሠራችበት ቤት ካለ ደውላችሁ ጠይቁ። ከሁሉም በላይ እናት ወይም አባት ፈቃድ ወስደው የመጀመሪያዎቹን ሦስትና አራት ቀናት ከእርሷ ጋር ይዋሉ። ያንን ሥልጠናም የሥራ ቀን ብላችሁ ክፈሏት።

በእነዚያ ቀናት ምን እናስተምራት? የእኛን ዝርዝር ልንገራችሁ። ከሰል ቤት ውስጥ አይገባም። ጀበና፣ ሻይና የፈላ ውኃ ሕፃን ከሚደርስበት ጠርዝ ላይ አይቀመጥም። ውኃ የተሞላ ባልዲ ተከፍቶ አይተውም፤ ሕፃን ልጅ በጥቂት ውኃ ውስጥ በፊቱ ከወደቀ ራሱን ማንሣት ያቅተዋል። ቆሎና ኦቾሎኒ ለትንንሾቹ አይሰጥም፤ ያንቃቸዋል። በረኪና በለስላሳ ጠርሙስ አይቀመጥም። የበረንዳው በር ይዘጋል፤ ወንበርም በረንዳ ላይ አያድርም። ክረምት የተቅማጥ ወቅት ስለሆነ ከመጸዳጃ መልስና ምግብ ከመንካት በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል። ለምለም የምንለው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ይበጠበጣል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል፤ ልጁ ግን ከደከመ ወይም መጠጣት ካቆመ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል እንጂ አይጠበቅም። ግድግዳው ላይ የእናትና የአባት ስልክ በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ከሥሩም ለአዲስ አበባ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991። ስልኳም የሚደውልበት ሒሳብ ይኑረው።

አማና በሁለት በኩል

ታማኝነትን ስናነሣ ዓይናችን ወደ እርሷ ብቻ ይዞራል። ትሰርቅ ይሆን? ልጄን ትመታ ይሆን? መጠንቀቅ ተገቢ ነው። አንዳንድ ቀን ሳይነገራት ድንገት ግቡ። ልጃችሁ ድንገት የሚሸሻት፣ ሌሊት የሚቃዥ፣ አልጋውን ማርጠብ አቁሞ እንደገና የጀመረ እንደሆነ በእርጋታ ጠይቁት። “ለእናትህ አትንገር” የሚባል ምስጢር በዓለም ላይ እንደሌለ፣ ማንም ይበለው ማን ለእናትና ለአባት እንደሚነገር ለልጆቻችሁ አስተምሯቸው። ይህ ስለ ሞግዚት ብቻ ሳይሆን ስለ ዘመድም፣ ስለ አስጠኚም ይሠራል።

ነገር ግን በቤታችን ውስጥ እርሷም የሰው ልጅ ናት፤ የእርሷም አደራ እኛ ላይ ነው። ከቤተሰቧ ርቃ፣ የምትሸሽበት ሳይኖራት በማታውቀው ቤት ታድራለች። የምትተኛበት ክፍል ከውስጥ የሚቀረቀር ይሁን። ባዕድ ወንድና ሴት ለብቻቸው መዋል፣ ኸልዋ፣ ሐራም መሆኑን እናውቃለን፤ ታዲያ ይህ ሕግ ለእንግዳ እህታችን ሲሆን ተጠብቆ ለሠራተኛችን ሲሆን ለምን ይረሳል? እኔ ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ከሌለች ቀድሜ ወደ ቤት ስገባ የፊት በሩን ክፍት አድርጌ ልጆቹን ይዤ ውጭ እቀመጣለሁ። ለመኖሪያ የመጣ ወንድም ሆነ አጎት ያለበት ቤት ይበልጥ ይጠንቀቅ።

አነስ ቢን ማሊክ (ረ.ዐ.) በልጅነታቸው ለነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አሥር ዓመት አገልግለዋል። በእነዚያ ዓመታት አንድም ቀን የመሰልቸት ቃል እንዳልሰሙ፣ ያደረጉትን ለምን አደረግህ፣ ያላደረጉትንም ለምን አላደረግህም እንዳልተባሉ ራሳቸው አውርተዋል። እኔ ያስተማርኳት ነገር ሳይኖር ጤና ጣቢያ ድረስ ስጮህባት የሄድኩትን ሳስበው አፍራለሁ።

ውሉን በወረቀት

በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ በሱረቱል በቀራ የሚገኘው፣ ስለ ሶላት ወይም ስለ ጾም አይደለም፤ በጊዜ የሚከፈል ዕዳ እንዲጻፍና እንዲመሰከርበት የሚያዝዝ ነው። የወር ደመወዝስ በጊዜ የሚከፈል ዕዳ አይደለምን? አላህ (ሱ.ወ.) በትንሣኤ ቀን ከሚሟገታቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ሙሉ ሥራ አሠርቶ ደመወዙን የከለከለ እንደሆነ በሐዲስ ተነግሮናል።

የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አያካትትም፤ የግል አገልግሎትን የሥራ ሁኔታ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን አብራው የምትኖር ሠራተኛ ያለችው አሠሪ በመኖሪያዋ፣ በምግቧ፣ በሥራና በዕረፍት ሰዓቷ ጤናዋንና ሞራሏን እንዲጠብቅ ያስገድዳል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት ትምህርታቸውንና ጤናቸውን ከሚጎዳ ሥራ እንዲጠበቁ ይደነግጋል። ይኸው የሠራተኛ አዋጅ በሚሸፍናቸው የሥራ ቦታዎች ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር፣ ከ15 እስከ 18 ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይና ሌሊት እንዳይሠራ ይከለክላል። ፋብሪካ ውስጥ ለሚሠራ ወጣት የበዛ ነው የተባለው ሥራ በእኛ ጓዳ እንዴት ቀላል ይሆናል? ለሕፃናት ጥበቃ የሚሻለው ዐሥራ ስምንት የሞላት ናት። ታናሽ ከሆነች ግን ሕፃናቱን ለብቻዋ አትረከብም፤ ትልቅ ሰው ባለበት ታግዛለች እንጂ።

እኛም ዘግይተን አንድ ገጽ ጻፍን። ከመቼ እስከ መቼ እንደምትሠራ፤ ሥራዋ የልጆቹ እንክብካቤና ምግባቸው ብቻ መሆኑን፤ ስንት ሰዓት ጀምራ ስንት ሰዓት እንደምትጨርስ፤ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን እንደምታርፍ፤ ደመወዟ ስንት እንደሆነና በስንተኛው ቀን እንደሚከፈል፤ ብትታመም እንደምናሳክም፤ የደላላውን ድርሻና የመመለሻ ትራንስፖርቷን እኛ እንደምንችል። ሁለት ቅጂ አድርገን ጮክ ብለን አነበብነው፤ አጎቷን በስልክ አሰማነው። እንጀራ ከውጭ መግዛት ጀመርን፤ ልብሱን ቅዳሜ እኔና ባለቤቴ እናጥብ ጀመር። ዕድሜዋን ካወቅን ወዲያ ደግሞ ባለቤቴ የዓመት ፈቃዷን ከፋፍላ ወሰደች፤ በቀሩት ቀናት አማቴ መጥተው አብረዋት ዋሉ። በስተርጅና ሲመላለሱ ያየ ጎረቤት “ለአንዲት ሠራተኛ ይህ ሁሉ?” ማለቱ አልቀረም።

በዓረብ አገርና በገዛ ቤታችን

በኅዳር 2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ የተባረሩ ወገኖቻችን በአውሮፕላን ሲመለሱ ሁላችንም አልቅሰናል። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመልሷል፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በሰው ቤት ያገለገሉ እህቶቻችን ነበሩ። ፓስፖርቷን የነጠቃትን፣ ደመወዟን የከለከላትን፣ ሌሊት ከቀን ያሠራትን አሠሪ ረግመናል። ለውጭ አገር ሥራ ስምሪት በ2008 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የጽሑፍ ውል ሲጠየቅም ደግ ሆነ ብለናል።

ታዲያ ራሴን ጠየቅሁ። ያች ወደ ሪያድ የምትሄደው ልጅና በእኔ ጓዳ ያለችው ልጅ የአንድ መንደር ልጆች አይደሉምን? አንዷ ነገ ሌላኛዋን ትሆናለች። ለሩቁ አሠሪ የምንጠይቀውን ውል፣ የዕረፍት ቀንና ደመወዝ በቅርቡ አሠሪ፣ ማለትም በራሳችን ላይ ካልጠየቅን፣ ቁጣችን ምን ያህል እውነት ነው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በእጃችን ሥር ያሉትን ወንድሞቻችን ብለዋቸዋል፤ ከምንበላው እንድናበላቸው፣ ከምንለብሰው እንድናለብሳቸው፣ ከአቅማቸው በላይ እንዳንጭናቸው፣ ከጫንናቸውም እንድናግዛቸው አዝዘዋል። ይህ ትእዛዝ አድራሻው ለባዕድ ብቻ አይደለም።

መስከረም ሲጠባ

ነሐሴ ሲገባደድ ሌላ ፈተና መጣ። ልጆቹ ለመዷት፤ እርሷም ሥራውን አወቀችው። እንዲህ ያለች ልጅ ከየት ትገኛለች? ባለቤቴ “ደመወዝ ጨምረንላት ብትቀርስ?” አለች። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ልቤ ከዚያው ጋር ነበር። ጨምረን ብንላት እንቢ እንደማትል እናውቅ ነበር፤ የቤተሰቧ ችግር እንቢ አያሰኛትም። ነገር ግን የመጣችበት ጉዳይ ደብተርና ዩኒፎርም እንጂ የእኛ ጓዳ አልነበረም። ወረቀቱም ማለቂያው ጳጉሜን 3 እንደሆነ ይላል፤ የጻፍነው እኛ ነን።

ደመወዟን ቆጥረን ሰጠናት፤ ባለቤቴም ደብተር ጨመረችላት። አውቶቡስ ተራ ድረስ የሸኘናት ከልጆቹ ጋር ነው። ትንሿ ያን ዕለት እስክትተኛ አለቀሰች። መስከረምና ጥቅምት ለእኛ ከባድ ነበሩ፤ ባለቤቴ ስንት ቀን አርፍዳ ገብታ ተወቅሳለች። ልጅቷ ግን ሰባተኛ ክፍል ገብታለች።

ውድ አንባብያን፣ ዘንድሮም ክረምት ይመጣል፤ ብዙዎቻችን ልጅ እንፈልጋለን። የምናስረክባት ሕፃን የእኛ አማና ናት፤ የምንረከባት ልጅም የሌላ እናት አማና ናት። ሁላችንም እረኞች ነን፤ ስለ ሁለቱም እንጠየቃለን። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ በእጃችን ላሉትም ፍትሐዊ ያድርገን። አሚን።